ግማሽ ላጲስ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ክፍል ደበላለቁን። አምስት ጓደኛሞች ነበርን። አራቱ አንድ ላይ ደረሳቸው፣ እኔ ብቻዬን ሌላ ሴክሽን ተመደብኩ። ዳይሬክተሩን ለምነን ነበር፣ እምቢ አሉን። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አዲሱ ክፍል ውስጥ ሁሉም የየራሱ ሰው አለው። በእረፍት ሰዓት ሥራ የያዝኩ እንዲመስል ቦርሳዬን ከፍቼ የማልፈልገውን ነገር እፈልጋለሁ። ብቻዬን ስቆም ሙድ የሚይዙብኝ ይመስለኛል። መጀመሪያ አካባቢ ወደ ድሮ ጓደኞቼ እሄድ ነበር። አሁን ግን የሚስቁበትን ነገር አላውቀውም፤ ሲያስረዱኝ ደግሞ አያስቅም። ባለፈው ቅዳሜ አራቱም አብረው የተነሱትን ፎቶ ግሩፓችን ላይ አየሁ። ማንም አልነገረኝም ነበር። እሑድ ማታ ሲመጣ ሆዴን ያመኛል። እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልኬን እነካካለሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። እናቴን ላስጨንቃት ስለማልፈልግ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን ላጲስ ረስቼ ስፈልግ አይታኝ የራሷን በማስመሪያ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ከዚያ ውጭ አውርተን አናውቅም። አንዳንዴ ነገ ብጠፋ ማንም አያስተውልም እላለሁ። ቤተሰቦቼን ትምህርት ቤት ቀይሩልኝ ልበላቸው?

የመጨረሻ ወንበሯ ነኝ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ትምህርት ቤት ስለመቀየሩ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ስለሷ ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልችልም። «ነገ ብጠፋ ማንም አያስተውልም» ብለሻል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲል «ከፍቶኛል፣ የሚፈልገኝ ሰው ናፈቀኝ» ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ «መኖር ሰልችቶኛል» ማለቱ ነው። ያንቺ የቱ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልጠይቅሽ። መሞትን ወይም ራስሽን መጉዳትን አስበሻል?

መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ «አንዳንዴ ብቻ» እንኳ ቢሆን፣ ንባብሽን እዚህ ላይ አቁሚው። አሁኑኑ ወደ እናትሽ ሂጂ። እሷ ከሌለች አባትሽ፣ አክስትሽ፣ አስተማሪሽ፣ የምታምኚው ትልቅ ሰው ማንም ይሁን። «ራሴን ስለመጉዳት እያሰብኩ ነው፣ ብቻዬን አትተዉኝ» በያቸው፣ በዚሁ ቃል። ዛሬውኑ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እናትሽ ትጨነቃለች፣ አዎ። ትጨነቅ። የትኛዋም እናት ሳታውቅ ከምትቀር አውቃ ብትጨነቅ ትመርጣለች።

መልስሽ «አይ፣ ከፍቶኝ ነው እንጂ» ከሆነ፣ ነይ እንቀጥል።

ያጣሽው ነገር ቀላል አይደለም። «ክፍል ነው የተቀየረው፣ ግቢው እኮ አንድ ነው» የሚልሽ ሰው ይኖራል። እኔ አልልሽም። የጓደኝነት ትልቁ ክፍል የሚያልፈው ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞር ሲል የምትለዋወጡት እይታ፣ ከኋላ የምትቀባበሉት ቁራጭ ወረቀት፣ ሌላ ሰው ቢሰማው የማይገባው ቀልድ። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ከእጅሽ ወጣ። ብታዝኚ አይፈረድብሽም።

ግን የምደባውን ወረቀት እንደ ፍርድ አትቁጠሪው። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ሲደለደልም አብሬ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የስም ዝርዝር ነው፣ የውጤት ዓምድ፣ የወንድና የሴት ቁጥር። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ማን ከማን ጋር እንደሚስቅ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። አንድ ስም ከአንዱ ሉህ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ በቃ። እዚያ ወረቀት ላይ ማንም አንቺን አልመዘነሽም።

አሁን ስለ ቦርሳው። እሱን ሳነብ አንጀቴን በላሽው። በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ተረኛ ስሆን ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ። አንዱ ቦርሳውን ይበረብራል። አንዷ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያዋን ፈትታ እንደገና ታስራለች። ሌላው ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ያነበበውን ማስታወቂያ ያነባል። ሁሉም ግቢው ሙሉ እሱን የሚያይ ይመስለዋል። ሁሉም በሌላው ፊት ሥራ የያዘ ለመምሰል ስለሚደክም አንዱ ሌላውን አያየውም። ከሩቅ የማያቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ጊሎቪች ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ምስል ያለበት ቲሸርት አለበሷቸውና ሌሎች ተማሪዎች የተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ «ስንቱ ያስተዋለ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ አይቶታል ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ያ እንግዲህ ደረት ላይ የተለጠፈ ምስል ነው። አንቺ ብቻሽን መቆምሽማ ከዚያም ያነሰ ነው የሚታየው። ሙድ ይይዙብኛል ያልሻቸው ልጆች አብዛኞቹ ስለ ራሳቸው ሼም ተይዘው ነው ያሉት።

ይህን የምነግርሽ «ምንም አይደለም» ልልሽ አይደለም። ቦርሳውን እንድትዘጊው ነው። ቦርሳ የሚበረብር ሰው አንገቱን ስለሚደፋ ማንም ሊያናግረው አይደፍርም። ቦርሳውን ዘግተሽ ቀና ብለሽ ብትቀመጪ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ይከብድሻል። ከዚያ ይለቅሻል።

ወደ ላጲሱ ልምጣ። እኔን ከደብዳቤሽ ሁሉ የያዘኝ እሱ ነው።

«ከዚያ ውጭ አውርተን አናውቅም» ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ላጲስ የምታውስ ልጅ ብዙ ናት። ተጠቅመሽ ትመልሺላታለሽ፣ ነገሩ ያልቃል። ይህቺ ልጅ ግን አላዋሰችሽም። ሳትጠይቂያት አየችሽ። ማስመሪያዋን አወጣች። ላጲሷን ዴስኩ ላይ አስተኝታ ተጭና ቆረጠች። ላጲስ በማስመሪያ መቁረጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቂዋለሽ፤ ያንሸራትታል፣ ጫፉ ይፈረፈራል፣ ሁለቱ ግማሾች እኩል አይሆኑም። ያንን ሁሉ በዝምታ አደረገችውና ግማሹን ወደ አንቺ ገፋ አደረገችው። ይህ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ጎኗ እንድትቀመጪ አስባ የሰጠችሽ ነገር ነው። ምናልባት እሷም በደብዳቤ ብትጽፍልኝ «ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ዝምተኛ ናት» ትለኝ ይሆናል።

እንደማትወድሽ፣ እንደምትሰለቺያት ታስቢ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አወያዩአቸው። ከዚያ እያንዳንዱን «አብሮሽ ያወራው ሰው ምን ያህል የወደደሽ ይመስልሻል?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ በአመዛኙ ከእውነቱ አሳንሰው ገመቱ። ከሰው ጋር አውርተን ስንለያይ «ምን ብዬ ነው ያወራሁት» እያልን ራሳችንን እንኮንናለን። ያ ሰው ግን ደስ ብሎት ሄዷል። ይሄ ነገር ዝምተኛ ሰው ላይ ይብሳል፤ እኔም ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ክፍሉን ሁሉ ላሸንፍ አትበይ። ያ ሁሉ ግሩፕ ውስጥ በአንድ ቀን ዘው ብለሽ ለመግባት መሞከር ያደክምሻል፣ አልሆን ሲልሽም ያስከፋሻል። አንድ ሰው ይበቃሽ። አንድ ሰው ካለሽ እረፍት ሰዓት ያልፋል። ከአንዱ ጋር ስትታዪ ደግሞ ሌላው መጠጋት ይቀለዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የካንዛስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል አዲስ ቦታ የገቡ አዋቂዎችንና የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አውጥቷል። ከትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። «ጓደኛዬ» ለማለት 90 ሰዓት ያህል። የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። ሥራ ላይ ብቻ አብሮ መዋል ደግሞ ያን ያህል አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በፈቃድ አብሮ መሆኑ፣ መጫወቱ፣ ማውራቱ ነው። ስለዚህ አንድ ዴስክ ላይ ስድስት ክፍለ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጡን ከሒሳቡ አውጪው።

እረፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ነው እንበል። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከትምህርት በኋላ እስከሚለያያችሁ መንገድ አሥራ አምስት ደቂቃ አብራችሁ ብትሄዱ 1 ሰዓት ከ15 ይጨመራል። ሁለት ሰዓት የሚወስድ ክበብ አብራችሁ ብትገቡ በሳምንት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ደረሰ። 50ውን ለመሙላት አሥር ሳምንት ይፈልጋል። አንቺ ሦስተኛ ሳምንትሽ ላይ ነሽ፣ ያውም በዝምታ። ምንም አልዘገየሽም። ከድሮዎቹ ጋር የነበረሽ ነገር ስንት መቶ ሰዓት እንደነበረ አስቢው፤ ቀልዱ ዝም ብሎ ያስቅሽ የነበረው ለዚያ ነው። አሁን እነሱ ያለ አንቺ አዲስ ሰዓት እየቆጠሩ ነው። የማትስቂው አንቺ ስለተበላሸሽ አይደለም።

ክበብ ስትመርጪ እጅ የሚሠራበትን ምረጪ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት መደርደር፣ የቴአትር ክበብ ልብስና ዕቃ ማዘጋጀት፣ ችግኝ መንከባከብ፣ ስፖርት። «እስቲ ራስሽን አስተዋውቂ» የሚባልበትን ለጊዜው ተይው። ዝምተኛ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ይጨንቀዋል። ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ነገር ሲሠራ ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። «ያንን አቀብዪኝ» ብላ ትጀምርና ስለ ቤቷ ስታወራሽ ታገኚያታለሽ።

ስለ ፎቶው። ያማል። አራት ሰው ስቆ አምስተኛዋ ከስልክ ላይ ስታየው ያማል። እኔ ግን ደብተር ተከፍቶ «እሷን አንጥራት» የተባለ አይመስለኝም። ዓርብ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ አንዷ «ነገ እንገናኝ?» አለች፣ ሦስቱ እዚያው ነበሩ፣ አንቺ ሌላ ክፍል ነበርሽ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ይህ አለማሰብ ነው፤ ጥፋት ነው፣ ግን ክፋት አይደለም። ግሩፑ ላይ አንዳችም ነገር አትጻፊ። ከአራቱ በጣም የምትቀርቢያትን ለብቻዋ አግኝተሽ «ፎቶውን ሳይ ከፋኝ። ናፍቃችሁኛል። በሳምንት አንድ ቀን የኛ ቀን ይኑረን» በያት። «ለምን አልጠራችሁኝም» ብለሽ ብትጀምሪ መከላከል ትጀምራለች። «ናፍቃችሁኛል» ብትያት ግን ምን ብላ ትከላከላለች? ቀኑን እሷው ትምረጥ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ከአራቱ አንዷ ወይም ሁለቷ እየራቁ ሊሄዱ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ ይሆናል። የሚቀሩት ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ይታወቃሉ።

ስለ እንቅልፍሽ ጠበቅ አድርጌ ልናገር ነው፣ አትቀየሚኝ። ከሌሊቱ ሰባት እስከ አሥራ ሁለት ድረስ አምስት ሰዓት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመክራል። ግማሹን ነው የምትተኚው ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። ሰውነትሽ በጊዜ አልተኛም ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በጠዋት ይጠራሻል። ስልኩ ግን በዚያ ላይ ይጨምርበታል። ሌሊት የምትነካኪው ስልክ ደግሞ የሚያሳይሽ ያንኑ ፎቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኤቲ ቤን ሳይመንና ማቲው ዎከር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ሌሊቱን ያልተኙ ወጣቶች ሰው ወደ እነሱ ሲራመድ ከሩቁ ያስቆሙት ነበር። ተኝተው ባደሩ ጊዜ ግን ያው ሰው ይበልጥ እንዲጠጋቸው ይፈቅዱ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳያውቀው ከሰው ይሸሻል፤ የብቸኝነት ስሜቱም ይጨምራል። አየሽ፣ ብቸኝነቱ እንቅልፍ ይነሳሻል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ብቸኛ ያደርግሻል። ከሁለቱ ለመያዝ የሚቀለው እንቅልፉ ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። በአንድ ሌሊት አይስተካከልም፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሃያ ደቂቃ እያስቀደምሽ ተኚ። ቅዳሜና እሑድም እስከ ቀትር አትተኚ፣ እሑድ ማታ እንቅልፍ የሚነሳሽ አንዱ ነገር እሱ ነው።

የሆድሽ ሕመም የውሸት አይደለም። አንጎልና ሆድ በነርቭ የተያያዙ ናቸው፤ ሰው ሲጨነቅ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሰው «ሆዴ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ያንቺ ሆድ መፍጀቱ አቅቶት ነው እሑድ እሑድ የሚጮኸው። ሕመሙ ከቀጠለ፣ ወይም በሌላ ቀንም ከመጣ፣ ሐኪም ይይሽ።

እናትሽን ግን ንገሪያት። «ደህና ነኝ» ስትያት ያመነችሽ ይመስልሻል? ምሳሽን ስትነካኪው፣ ጠዋት ዓይንሽ ሲያብጥ እያየች ነው። የምታየውን ነገር ምክንያት ስለማታውቅ የባሰውን ትገምታለች። እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እንድትፈቺልኝ አይደለም፣ እንድትሰሚኝ ነው።» ፊት ለፊት መናገሩ ከከበደሽ ልብስ ስታጥፉ ወይም መንገድ ላይ ስትሄዱ ንገሪያት። እሱም ካልሆነልሽ ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ አሳያት። አሳምረሽ ጽፈሽዋል።

የክፍል ኃላፊ መምህራችሁም ይወቁ። ከክፍል በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። «ከድሮ ክፍሌ ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ከብዶኛል። የቡድን ሥራ ሲኖር ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር ቢያደርጉን» በያቸው። እንዲህ የተቆረጠ ነገር ሲጠየቅ አስተማሪ ደስ ይለዋል፤ ማድረግ የሚችለው ነገር ነው። አማካሪ ካላችሁም ግቢ። ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባት አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። 42 ተማሪ ያለበት ክፍል ብታስቢ ስድስት ልጅ ማለት ነው። የአማካሪውን በር የምታንኳኪው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ይህን የሚያነብ አስተማሪ ካለ እግረ መንገዴን ልለምን። ክፍል ስትደለድሉ ማንንም ልጅ ከነበረበት ብቻውን ነቅላችሁ አትውሰዱ። ከሚያውቀው አንድ ሰው ጋር አዛውሩት፣ አንድ ብቻ። የማይቻል ከሆነም በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ጥሩት፣ ሥራ ስጡት፤ ደብተር ሰብስብ፣ ጠመኔ አምጣ በሉት። ስሙ የተጠራ ልጅ ቦርሳ አይበረብርም።

ትምህርት ቤት መቀየሩን ደግሞ ለጊዜው ተይው ነው የምልሽ። የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ፣ አካልሽን የሚነካሽ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን ጠብቂ አልልሽም ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም፤ ካለና ካልጻፍሽው ለእናትሽ ዛሬ ንገሪ። ከሌለ ግን አዲስ ትምህርት ቤት ማለት ሰዓቱን ከዜሮ መጀመር ነው። እዚያ ስምሽን የሚያውቅ የለም፣ የድሮ ጓደኞችሽ ጭራሽ ግቢው ውስጥ የሉም፣ ላጲስ የምትቆርጥልሽም ልጅ የለችም። አሥሩን ሳምንት ስጪው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አሁንም ሆድሽ እሑድ እሑድ የሚያምሽ ከሆነ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ እኔም ያኔ አልከለክልሽም።

ሰኞ ምን ልበላት ብለሽ እንዳትጨነቂ ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል እኔ ልስጥሽ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ሁሉም ሲወጣ ግማሹን ላጲስ አውጪና ዴስኩ ላይ አድርጊው። «ላጲስሽ እስካሁን አለ» በያት። ከዚያ ስሟን ጠይቂያት። ደብዳቤሽ ላይ ስሟን አልጻፍሽም፤ የማታውቂው ይመስለኛል። የሚቀጥለው ደብዳቤሽ ላይ ስሟን ጻፊልኝ።